የሽንት ማምለጥ ችግር በወሎ፦ ግንዛቤና የምርምር ድጋፍ

ሽንት ማምለጥ ሰው ሳይፈልግ ሽንቱ የሚወጣበት የጤና ችግር ነው። አንዷን ስታስነጥስ ወይም እንስራ ስታነሳ ያመልጣታል፤ ሌላዋን ሽንት ቤት ሳትደርስ ይቀድማታል፤ ፊስቱላ ያለባት ደግሞ ቀንም ሌትም ይፈሳታል። ወንዶችም በፕሮስቴት፣ በስኳር ወይም በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት ይደርስባቸዋል። በወሎ ጉዳዩ ሲነሳ ግን አብዛኛው ወሬ ስለ ፊስቱላ ነው።

ፊስቱላ ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛውን ተጭኖ ደም ስለሚከለክለው የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሊሠሩ መጥተው እነዚህን ሴቶች አገኙ፤ በ1974ም የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ቀዶ ጥገናው በነፃ ነው። ጉዳታቸው ሊጠገን ላልቻለ ሴቶች ደስታ መንደር ተቋቋመ፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ማዕከላት ተከፈቱ። ከእነዚህ አንዱም ወሎ ውስጥ አይደለም። የሰሜን ወሎዋ ታካሚ በጋሸና በደብረ ታቦር አድርጋ ባሕር ዳር ትወርዳለች፤ የደሴዋ አዲስ አበባ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቃታል። ልብሷ እየራሰ፣ ሕዝብ በሞላው አውቶቡስ።

መንስኤው ያለዕድሜ ጋብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ዋናው ግን መንገድ ነው። ከደላንታ ወይም ከመቅደላ ገደል ምጥ የያዛትን በቃሬዛ ተሸክሞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ሰው ያውቀዋል።

በዚህ ላይ ቅርብ የነበሩት ደሴ ሆስፒታልና ወልድያ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተዘርፈዋል።

ሰው ችግሩን የሚደብቀው በትንንሽ ነገር ነው። እናት ቡና ሲፈላ በር አጠገብ ትቀመጣለች፤ ነጠላዋን አጥፋ ከሥሯ ታደርጋለች፤ እንዳያመልጣት ብላም ውሃ ትቀንሳለች። ውሃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፣ ሽታውም ቆዳ ማቃጠሉም ይብሳል። ቡና ፊኛን እንደሚያነሳሳ የሚነግራት ግን የለም፤ በሦስተኛው ስኒ በረካም ማንም አያነሳውም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ማምለጥ በአብዛኛው የዳሌ ወለል ጡንቻን፣ ማለትም ፊኛን ከሥር የሚደግፈውን ጡንቻ፣ በመጭመቅና በመልቀቅ እንቅስቃሴ ለወራት በማሠራት ይሻላል። ይህን በየቤቱ የሚያደርሱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። ቅሬም አለን፤ ወሎ ለቀብርና ለችግር የሚሰበሰብበት ቅሬ ለዚህም አፍ ቢከፍት ብዙ ሴት ትሰማለች። የሃይማኖት አባቶች ቃልም ይመዝናል፦ በእስልምና ሽንቱ የማይቋረጥለት ሰው ለየሰላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ይህን ባለማወቅ ከሶላት የራቀች እናት ልትኖር አይገባም።

ለምርምር የሚወጣው ገንዘብ የተከተለው ፊስቱላን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግንቦት 15ን ፊስቱላን የማጥፊያ ቀን ብሎ ሰይሟል፤ ቀኑም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታሰባል። ማሳልና መሳቅ ለሚያሳፍራት የስድስት ልጆች እናት ግን ይህን ያህል ለጋሽ የለም። ቀዳዳዋ ተደፍኖላት የሽንት ቧንቧዋ በመጎዳቱ አሁንም የሚያመልጣት ሴት እንኳ «ድናለች» ተብላ ትሸኛለች። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ጤና ተማሪዎችና መምህራን ሕዝቡን በቅርበት ያውቁታል፤ ስለዚህ ስለተረሳው የሽንት ማምለጥ ጥናት ለመሥራት ከእነሱ የተሻለ የለም። የሚጠይቀውም ብዙ አይደለም፦ ለሦስት ቀን የተጠጣና የተሸና የሚመዘገብበት ወረቀት፣ የአካባቢውን አነጋገር የምታውቅ ጠያቂ፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ ክትባት ልታስከትብ የመጣችውን እናት ለብቻ አድርጎ «ሽንት ያመልጥሻል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ።