የአሮጌ መኪና መሪ ስለመፍታትና መግጠም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሳምንት አያልፍም አንድ ሰው ቮልሱን ወይ ዲኤክሱን ይዞ እዚህ ኮምቦልቻ መጥቶ «መሪዬ ዞሯል፣ ፍታና ቀጥ አርገህ መልስልኝ፣ አምስት ደቂቃ ነው» ሳይለኝ። አምስት ደቂቃም አይደለም፣ መፍትሄውም እሱ አይደለም። ሁልጊዜ በአፌ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ላሳየው ብዬ ነው። የማወራው ስለ ድሮ መኪና ነው፣ ቮልስ፣ ፔጆ 404፣ ፊያት፣ የድሮ ቶዮታ፣ ኤርባግ የሌላቸውን። ያንተ ኤርባግ ካለው ይሄን አንብበህ መሪውን እንዳትነካ፣ የሱ አፈታት ሌላ ነው።

«መሪው ከዞረ ነቅለህ ጥርሱ (መሪው ዘንጉ ላይ የሚቀመጥበት) ላይ አዙረህ መግጠም ነው»

አይደለም። መሪ ዝም ብሎ አይዞርም። መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ወደ ጎን ካዘነበለ ከታች የሆነ ነገር ተነክቷል፣ ወይ ቲራንቴ (ከስካቶላው ወደ ጎማው የሚሄደው የመሪ ዘንግ) ተቀይሮ ርዝመቱ ሳይስተካከል ቀርቷል፣ ወይ ጉድጓድ ገብቶ ጎብጧል፣ ወይ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) የሰራው ልጅ በአንድ በኩል ብቻ ነክቶ ለቆታል። መሪውን ነቅሎ ማስተካከል ትክክል የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚህ በፊት የፈታው ሰው ምልክት ሳያደርግ አጣሞ ገጥሞት ከሆነ።

ለምን እንደዚህ እንደምናደድ ልንገራችሁ። የነዚህ መኪኖች የመሪ ስካቶላ፣ ማለትም የመሪውን መዞር ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው የጥርስ ሳጥን፣ መሀሉ ላይ ጠበቅ ብሎ ነው የሚሰራው፣ ሆን ተብሎ። መኪናው ቀጥ ሲል ጥርሶቹ ተጠጋግተው መሪው አይዋልልም፣ ወደ ዳር ስትጠመዝዝ ነው ትንሽ የሚላሉት። አሁን አንተ ከላይ መሪውን ብቻ አዙረህ ስትገጥመው ለዓይን ቀጥ አለ፣ ስካቶላው ግን ከመሀሉ ወጥቶ በላላው በኩል ነው የሚሰራው። ከዛ መሪው ባዶ ባዶውን መዞር ይጀምራል፣ ባለቤቱ ስካቶላው አርጅቷል ይላል፣ ሌላ ጋራዥ ይሄድና የስካቶላውን ማስተካከያ ቡሎን ያስጠብቃል፣ አሁን ደግሞ ጥርሱ መሀል ላይ ሲደርስ ከልክ በላይ ይጨናነቅና መሪው አልመለስ ይላል፣ ጥርሱም ይበላል። ጤነኛ ስካቶላ እንዲህ እየተደረገ ነው የሚሞተው።

አንድ የደሴ አባት ቮልሳቸውን ይዘው መጡ። ቲራንቴ ካስቀየሩ በኋላ መሪው ዞሮባቸው የሆነ ጋራዥ ጥርሱ ላይ አዙሮ ገጥሞላቸዋል። «ልጄ፣ ሐረጎን ስወርድ መሪው ይይዘኛል፣ ከኩርባው ስወጣ እንደድሮው አይመለስልኝም» አሉኝ። ጋሼ፣ ስካቶላውን የነካው ሰው አለ እንዴ ስላቸው «አዎ፣ ላልቷል ብለው አጥብቀውልኛል» አሉ። ከስር ገብቼ አየሁት። የቮልስ ስካቶላ አንገቱ ላይ ቀለበት አለ፣ ቀለበቱ ላይ ምልክት አለች፣ እሷ ስካቶላው አካል ላይ ካለችው ምልክት ጋር መግጠም ያለባት ልክ መኪናው ቀጥ ሲል ነው። የሳቸው ፈፅሞ አልተገናኙም። ስካቶላውን መሀል አደረኩት፣ ማስተካከያዋን መለስኳት፣ ጎማዎቹን በቲራንቴው ቀጥ አረኩ፣ መሪውን መጨረሻ ላይ ገጠምኩ። በነጋታው ደሴ ደርሰው ደውለው መረቁኝ። ይሄ የሐረጎ መንገድ እኮ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ ላይ ሆነው መሀሉ ኩርባ በኩርባ ነው፣ ከባድ መኪና ከፊትህም ከኋላህም አለ፣ እዛ ላይ የማይመለስ መሪ ይዞ መውረድ ሞትን መጥራት ነው።

ስለዚህ ተራው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ስካቶላ፣ ቀጥሎ ቲራንቴ፣ መጨረሻ መሪ። አላይመንቱ ደህና ሆኖ መሪው ብቻ ከዞረና ቲራንቴዎቹ ሁለቱም የሚስተካከሉ ከሆኑ አንዱን ያሳጠርከውን ያህል ሌላውን ታስረዝማለህ፣ በእኩል። በአንድ በኩል ብቻ ከነካህ ጎማ ይበላብሃል።

«ከያዘ በመዶሻ ምታው»

ይሄ ሁለተኛው ነው ደሜን የሚያፈላው። የመሪውን ዘንግ ጫፍ በመዶሻ ስትመታ ጥርሱ ይደፈጠጥና መሪውን የሚያስረው ዳዶ አልገባም ይላል፣ ኩሽኔታው ይጎዳል፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሰሩት ብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ዘንጉ ግጭት ሲያጋጥም ወደ ውስጥ እንዲሰበሰብ ሆኖ ነው የተሰራው፣ ሾፌሩን ደረቱን እንዳይወጋው። በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ በህግ ግዴታ ሆኗል። አንተ በመዶሻ ስትቀጠቅጠው እሱን ነው የምትሰብረው። በፑለር፣ ማለትም ስቦ በሚያወጣው መሳሪያ፣ አውጣው። የድሮ ቶዮታ መሪ እምብርቱ (ዘንጉ ላይ የሚገባው መሀሉ) ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉት፣ ባለ 8 ቡሎን ይገባባቸዋል፣ ለፑለር ተብለው ነው የተሰሩት። ቮልስ አብዛኛውን ጊዜ ፑለርም አያስፈልገው፣ በሁለት እጅህ እያወዛወዝክ ስትስበው ይወጣል። ግን ስማኝ፣ ዳዶውን ጨርሰህ እንዳታወጣው! ትንሽ ጥርስ ይዞ ይቆይ፣ አለበለዚያ መሪው ድንገት ሲለቅ ፊትህን ነው የሚመታህ፣ አፍንጫው የተሰበረ ልጅ አውቃለሁ። ሳትፈታ በፊትም ጎማውን ቀጥ አርግ፣ እምብርቱና ዘንጉ ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምር።

«መሪውን በቁልፉ ቆልፈህ ዳዶውን ፍታ» የሚሉም አሉ። የመሪ መቆለፊያ ለሌባ እንጂ ለቡሶላ (ዳዶ መፍቻ) ጉልበት አልተሰራም፣ ይሰበራል። ሰው ይያዝልህ።

«ኤርባግ ከሌለው ባትሪ መንቀል አያስፈልግም»፦ ያስፈልጋል፣ የክላክሱ ሽቦ እዛው ነው ያለው። ኔጋቲቩን ንቀል።

«መሪው ከተፈታ በኋላ ክላክስ እምቢ ካለ ክላክሱ ተቃጥሏል»፦ ቮልስ ላይ መጀመሪያ ከታች ዘንጉን ከስካቶላው የሚያገናኘው ጎማ ላይ የምትሻገረዋን የመሬት ሽቦ እይ። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። ሰው አዲስ ክላክስ ገዝቶ ይመጣል እኮ!

«ዳዶውን አቅምህ እስከቻለ አጥብቀው»፦ የቮልስ በ27 ቡሶላ ይፈታል፣ ማጥበቂያው ግን 50 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፣ የጎማ ቡሎን ከሚጠብቀው በብዙ ያንሳል። ቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ) ከሌለህ ተዋስ።

«ትንሽዋ የስፖርት መሪ መኪናውን ቀላል ታደርጋለች»፦ ሸጋ ናት፣ አምራለች፣ ግን ፓወር ስቲሪንግ (መሪ የሚያቀልል ሲስተም) በሌለው መኪና ላይ ስራውን ታከብድብሃለች። ከ400 ሚሊሜትር ወደ 350 ስትወርድ እጅህ 14 ከመቶ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል፣ ፒያሳ ላይ ስታቆም ታየዋለህ። የግድ ካልክ እምብርቷ ለመኪናህ ጥርስ የተሰራ ይሁን፣ በብየዳ የተገጠመ መሪ ይዞ የሚመጣን ሰው እኔ አልነካለትም። የድሮው መሪህ ስንጥቅጥቅ ስላለ ብቻ ከሆነ አብሽር፣ ውስጡ ያለው ብረት ካልዛገ ስንጥቁ በኢፖክሲ ተሞልቶ ተሞርዶ ተቀብቶ ይመለሳል።

ስትገጥም ፍሬቻው መሀል ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ መመለሻዋ ትሰበራለች። ከዛ ባዶ ቦታ ላይ እስከ ዳር ግራ ቀኝ አዙረው፣ ክላክሱን ሞክር፣ ፍሬቻው ራሱ ሲመለስ እይ፣ ትንሽ ነድተህ ተመለስና ዳዶውን በቶርኩ ድጋሚ ፈትሽ፣ ሐረጎን ከዛ በኋላ ውረድ።