ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጓዳን ማሰናዳት

ክብደት ለመቀነስ ኦፕራሲዮን የሚሆን ሰው ስለ ሆስፒታሉ አብዝቶ ያስባል። ጓዳው ትዝ የሚለው ብዙ ጊዜ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ያኔ ሰውነት ደክሟል፤ ቁስሉ ገና ነው፤ ገበያ መውጣት አይታሰብም። ስለዚህ ጓዳ የማሰናዳቱ ሥራ ሆስፒታል ከመግባት በፊት ቢያልቅ ይሻላል።

በመጀመሪያ ሆድ ውስጥ ምን እንደተለወጠ እንይ። በብዛት የሚደረጉት ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎች ናቸው። አንደኛው ስሊቭ ይባላል። ከጨጓራው እስከ 80 በመቶ የሚደርሰው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ይሆናል። ሁለተኛው ባይፓስ ነው። በጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትሠራና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገጠማለች። ምግቡ የቀረውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ባይፓስን የጀመረው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1966 ነበር።

30 ሚሊ ሊትር ማለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ከዚያ ይበልጣል። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሳህኑ፣ የምንገዛው ከረጢት ሙሉ እህል ግን ሁሉም የተለካው በድሮው ጨጓራ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሰው በትልቅ ሳህን ላይ ትንሽ ምግብ ሲያይ የተራበ ይመስለዋል፤ ሳያስበው ይጨምራል። ከዚያ ደረቱ ሥር ይጨንቀዋል፣ ያስመልሰዋል። እንግዲህ መጀመሪያ የሚገዛው ምግብ ሳይሆን ዕቃ ነው፦ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የምታክል ሳህን፣ የሻይ ማንኪያ፣ በግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን፣ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ፣ ብሌንደርና ጥሩ ወንፊት።

የአመጋገቡ መርሐ ግብር ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል፤ መከተል ያለብን የራሳችን ሐኪም የሰጠንን ነው። አካሄዱ ግን ይመሳሰላል። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት የጠራ ፈሳሽ ብቻ ነው፦ ውኃ፣ የተጠለለ መረቅ፣ ስኳር የሌለው ሻይ። ቀጥሎ ወፈር ያለ ፈሳሽ ይመጣል፦ ወተት፣ ቀጭን እርጎ፣ የፕሮቲን ሼክ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው እንደ ሕፃን ምግብ የላመ፣ ከዚያ በሹካ የሚፈረፈር ለስላሳ ምግብ ይገባል። መደበኛው ምግብ ቀስ በቀስ የሚጀመረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

ጓዳውም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሞላ ጥሩ ነው። የብዙ ሰው ስህተት ሁሉንም በአንዴ፣ ያውም በብዛት መግዛት ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምላስ ይለወጣል። ትናንት የጣፈጠ ነገር ዛሬ ሽታው ብቻ ሊያስጠላ ይችላል። የፕሮቲን ዱቄት ላይ ይህ በጣም ይታያል። ትልቁ ጣሳ ርካሽ ይመስላል፤ ግን ሦስት ጊዜ ተቀምሶ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ትንንሽ እሽጎችን፣ ያውም ከተለያየ ጣዕም መግዛቱ ያዋጣል። አንዱ ጣዕም የሌለው ቢሆን ደግሞ ከሾርባም ከእርጎም ጋር ይሄዳል። ሾርባው እየፈላ ግን አይጨመርም፤ ዱቄቱ ይጓጉላል። ለብ ሲል ጨምሮ ማማሰል ነው። ወተት ሳያስቸግራቸው የኖሩ ሰዎችም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆዳቸውን ሊነፋቸው ስለሚችል ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሌለው ወተት አንድ ሁለት ካርቶን ቢኖር ይበጃል።

ለላመው ምግብ ጊዜ አንድ ዘዴ አለ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የበረዶ መሥሪያ ፕላስቲክ ይወሰዳል። ምስሩ በደንብ ይበስላል፤ በመረቅ ቀጠን ተደርጎ ብሌንደር ውስጥ ይፈጫል፤ በወንፊት ይጠለላል። ከዚያ ቀዳዳ ቀዳዳው ውስጥ እየተሞላ ፍሪዘር ይገባል። ዶሮውም፣ ዓሳውም፣ ዱባውም እንዲሁ። ሲጠነክር ተላቅቆ ቀንና ስም በተጻፈበት ላስቲክ ይቀመጣል። አንዷ ኩብ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ናት። እንግዲህ ምሳ ማለት አንድ ወይም ሁለት ኩብ ማውጣትና ማሞቅ ነው። ደክሞት የተኛ ሰው ለመለካት አይጨነቅም፤ ልኩ አስቀድሞ ተለክቷል። ሌላ ሰው ሲያበስልለትም አይሳሳትም።

ከምግቡ ሁሉ ቀድሞ የሚበላው ፕሮቲን ነው። አብዛኞቹ መመሪያዎች በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ይላሉ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ይህን መሙላት ቀላል አይደለም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፤ መቶ ግራም የበሰለ ምስር 9፤ መቶ ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 30 ገደማ። ፕሮቲኑ ካነሰ ሰውነት ጡንቻውን ይበላል። ፍሪጁ ውስጥ ፊት ለፊት መታየት ያለባቸው እንቁላል፣ ወፍራም እርጎ፣ ለስላሳ አይብ፣ ዓሳና በውኃ የታሸገ ቱና ናቸው። የወተት ዱቄትም አይናቅ። አንድ ማንኪያ ሾርባ ውስጥ ሲጨመር መጠኑን ሳያበዛ ፕሮቲን ይጨምራል።

ዶሮ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ተበስሎ አድሮ በማግስቱ ሲሞቅ ይደርቃል። ደረቅ ሥጋ ደግሞ ጠባቧ ከረጢት ላይ ይወተፋል። መረቅ ወይም እርጎ ያለበት ሆኖ ቢቀመጥና በዚያው ቢሞቅ ይወርዳል። ትኩስ ዳቦ፣ የተጣበቀ ሩዝና ፓስታም ብዙ ሰው ላይ ይወተፋሉ፤ ከመጀመሪያው ወር ግዢ ቢወጡ ይሻላል።

ከጓዳው መውጣት ያለበት ነገር ሲነሳ ስኳር ይቀድማል። በተለይ ባይፓስ የተደረገለት ሰው ጣፋጭ ነገር ሲወስድ ምግቡ በፍጥነት ወደ አንጀት ይወርድና ዳምፒንግ የሚባለው ስሜት ይመጣል። ከበላ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ከተበላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የሚመጣም አለ፤ የደም ስኳር ወርዶ ያንቀጠቅጣል። ጁስ ጤናማ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያታልላል። ስኳሩ ግን ፈሳሽ ስለሆነ ቶሎ ይወርዳል። እሽግ ሲገዛ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የስኳር ግራም ማንበብ ልማድ መሆን አለበት። ለስላሳ መጠጥ በጋዙ ምክንያት አይመከርም። አልኮልም ከድሮው ቶሎ ደም ውስጥ ስለሚገባ መራቅ ነው።

ውኃ ከምግቡ እኩል ያሳስባል። ቢያንስ 1.5 ሊትር በቀን መጠጣት ያስፈልጋል፤ ግን እንደ ድሮው አንድ ብርጭቆ ግጥም ማድረግ አይቻልም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሰውን ወደ ሆስፒታል የሚመልሰው አንዱ ምክንያት ፈሳሽ ማጣት ነው። ስለዚህ ሚሊ ሊትር የተጻፈባቸው ትንንሽ ኮዳዎች በየክፍሉ ይቀመጡ፦ አልጋው አጠገብ፣ ሶፋው ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ። ከምግብ ጋር ግን አይጠጣም። አብዛኛው ሐኪም ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ ይላል። ከማዕዱ ላይ ብርጭቆውን ማንሳቱ ይረዳል።

ቫይታሚንና ማዕድን የዕድሜ ልክ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘው ዓይነትና መጠን ይወሰዳል። ለጓዳው የሚመለከተው አቀማመጡ ነው። ካልሲየምና አይረን (የብረት ማዕድን) አብረው ከተዋጡ አንዱ ሌላውን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። አይረኑን ጠዋት ከሚታይበት ቦታ፣ ካልሲየሙን የምሳና የእራት ዕቃ አጠገብ ማድረግ ያስታውሳል። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ግን አይረን ከልጅ እጅ ይራቅ፤ ሕፃን ብዙ ከዋጠው ይመርዘዋል።

ቤት ውስጥ ሌሎች ሰዎች ካሉ ጓዳው የእነሱም ነው። ብስኩቱንና ጣፋጩን ሁሉ ጣሉ ማለት አይቻል ይሆናል። አንድ የሚዘጋ ቁም ሳጥን ለእነሱ ይለይ፤ በዓይን ትይዩ ያለው መደርደሪያና የፍሪጁ መሐል ደግሞ ለታማሚው ይተው። እንግዳ የሚመጣው ምግብ ይዞ ከሆነ ምን እንደሚያመጣ ቀድሞ መንገርም ነውር የለውም። የተጠለለ መረቅ ይዞ የመጣ ወዳጅ ትልቅ ውለታ ነው የዋለው።