መርፌው ቢላውን ይተካል? ስለ ቦቶክስና ፊለር የምንሰማውና እውነቱ

"ቀዶ ጥገና ምን ያደርጋል? መርፌ አለ አይደል!" የፊት መጨማደድ በተነሳ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ስለሆነ ብዙ ሰው ያሳስታል።

"መርፌው ቀዶ ጥገናን ይተካል።"
ሥራቸው የተለያየ ነው። እስቲ መስታወት ፊት ቁሙና ግንባራችሁን ቋጥሩ። በቅንድባችሁ መካከል መስመር ይወጣል። ፈታ ስትሉ ከጠፋ፣ ያመጣው ጡንቻ ነው። ቦቶክስ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ነርቩ ለጡንቻው የሚልከውን መልእክት ያግዳል። አሁን ደግሞ ጉንጫችሁን በጣት ወደ ጆሯችሁ ሳብ አድርጉት። "እንዲህ ቢሆንልኝ" ካላችሁ፣ የምትፈልጉት የላላ ቆዳ እንዲነሳ ነው። ቦቶክስ ይህን አያደርግም። ፊለር (የጎደጎደ ቦታ የሚሞላ መርፌ) እየጨመሩ ለመወጠር መሞከርም ፊትን ያሳብጣል። እዚህ ላይ ቀዶ ጥገናው ይሻላል፤ ውጤቱም ለዓመታት ይቆያል።

"ቦቶክስና ፊለር አንድ ናቸው።"
አይደሉም። አንዱ ጡንቻ ያላላል፣ ሌላው የጎደጎደውን ይሞላል።

"ቦቶክስ መርዝ ስለሆነ መነካት የለበትም።"
ከመርዝ መሠራቱ እውነት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1989 መጀመሪያ የተፈቀደው ለዓይን ሕመም ነበር። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ የዓይን ሐኪሟ ጂን ካራዘርስ ለዓይን ቆብ ሕመም የወጋቻቸው ሰዎች የግንባራቸው መስመር ሲጠፋ አየች። ከቆዳ ሐኪሙ ባለቤቷ ከአላስቴር ጋር ሆነው አጠኑት። ለቅንድብ መካከሉ መስመር አሜሪካ የፈቀደችው በ2002 ነው።

"አንዴ ከተወጋሁ በቃኝ።"
ቦቶክስ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር ነው የሚቆየው። ሂሳቡን በዓመት አስቡት። ብታቆሙም ፊታችሁ ቀስ እያለ ወደነበረበት ይመለሳል እንጂ አይብስበትም።

"መርፌ ብቻ ስለሆነ ማንም ቢወጋኝ ችግር የለውም።"
እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ፊለር በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ደም መሄጃ ያጣል። ቆዳው ሊሞት ይችላል። አልፎ አልፎም ዓይን እስከመጥፋት ይደርሳል። ፊለሩ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠራ ከሆነ ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መድኃኒት ይሟሟል፤ ግን መድኃኒቱ በእጁ ያለና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሐኪም ያስፈልጋል። የጓደኛ ሳሎን ውስጥ ይህ ከየት ይመጣል? በ2024 አሜሪካ ውስጥ ሳይቀር ሐሰተኛ ቦቶክስ የተወጉ ሰዎች ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ስለዚህ ብልቃጡን አሳዩኝ በሉ፣ ስሙን አንብቡ፣ እርጉዝ ከሆናችሁ ተናገሩ። ከተወጋችሁ በኋላ ቆዳችሁ ከነጣ፣ ኃይለኛ ሕመም ከተሰማችሁ ወይም ዓይናችሁ ከደበዘዘ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።