ሂር ካምስ ዘ ሰን፦ ቀላል የሚመስለው ዘፈን

ይህን የእንግሊዙን ባንድ የቢትልስን ዘፈን (ርዕሱ «ፀሐይዋ መጣች» እንደ ማለት ነው) ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። ስለ እሱ የሚባለውን ግን ሁሉንም ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል።

«የቡድኑ ዋና ዘፈን ደራሲዎች የሌነንና የማካርትኒ ሥራ ነው» ይባላል። አይደለም። ግጥሙም ዜማውም የቡድኑ ጊታሪስት የጆርጅ ሃሪሰን ነው። ጆን ሌነን እንዲያውም አልተጫወተበትም። ቀረጻው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1969 ሲጀመር በመኪና አደጋ ተጎድቶ ነበር።

«ሁሉም ነገር የተመቸው ሰው ዘፈን ነው» ሲባል ደግሞ ይከነክነኛል። ሃሪሰን በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ቡድኑን ጥሎ ወጥቶ ተመልሷል። ብርዱ ረዝሞበታል፤ የቢዝነስ ስብሰባው አንገሽግሾታል። በጸደይ አንድ ቀን ከስብሰባ ቀርቶ ጓደኛው ኤሪክ ክላፕተን ቤት ሄደ። ከእሱ ጊታር ተውሶ አትክልቱ መሃል እየተንሸራሸረ ዘፈኑን ጀመረው። የምንሰማው ደስታ እፎይታ ነው።

«ለጀማሪ ጊታሪስት ቀላል ነው»? መግቢያው ይሁን። ካፖው (ክሮቹን የሚጫነው መቆንጠጫ) በጊታሩ አንገት ሰባተኛው ፍሬት ላይ ይታሰራል፣ ጣቶች የዲ ኮርድ ቅርጽ ይይዛሉ፣ የሚሰማው ግን ኤ ሜጀር ነው። ጊታሩ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚደውለው ለዚህ ነው። ጉዱ መሃል ላይ ነው። «ሰን፣ ሰን፣ ሰን» የሚለው ጋ ምቱ ወደ 11/8 (አሥራ አንድ አጭር ቆጠራ)፣ ከዚያ 4/4 (የተለመደው አራት)፣ ከዚያ 7/8 (ሰባት አጭር ቆጠራ) ይሄዳል። በእግራችሁ አራት አራት እየቆጠራችሁ ሞክሩት፤ እዚያ ጋ ትስታላችሁ። ሃሪሰን ከህንዳዊው ራቪ ሻንካር ሲታር (የህንድ የክር መሣሪያ) ተምሯል፤ እኔ እዚህ ቦታ ላይ የህንዶቹ አቆጣጠር ይሰማኛል። ጭብጨባው አለ፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩም (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ዙሩ በተደጋገመ ቁጥር ከፍ እያለ ይመጣል። በመጨረሻ የሪንጎ ስታር ከበሮ ወደ ለመድነው ምት ሲመልሰን ደመና የተገለጠ ያህል ነው።

«ከኋላ የሚሰማው ቫዮሊን ነው» የሚሉም አሉ። አንድም ቫዮሊን የለም! ፕሮዲውሰራቸው ጆርጅ ማርቲን ያቀናበረው ለ4 ቪዮላ (ከቫዮሊን ወፈር ያለ ድምፅ ያለው)፣ ለ4 ቼሎና ለ1 ደብል ቤዝ ነው፤ ፍሉት፣ ፒኮሎና ክላሪኔት ተጨምረውበታል። ቫዮሊን ቢገባ ከጊታሩ ጋር የሚሻማ ይመስለኛል። አሁን ቼሎዎቹ ከታች ያሞቁታል፣ ጊታሩ ከላይ እንደ ልቡ ነው።

«በሲንግል (ለብቻው በሸክላ) ወጥቶ ነው የታወቀው» የሚለውም ስህተት ነው። «አቢ ሮድ» የተባለው አልበም ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ በሲንግል አልወጣም። አልበሙ ላይ የሁለተኛው ገጽ መክፈቻ ነበር፤ ቦታው ራሱ ቅንብር ነው እላለሁ። የመጀመሪያው ገጽ በከባድ ጊታርና በነፋስ መሰል ጩኸት ይሄድ ይሄድና ድንገት ይቆረጣል። ጸጥታ። ተነስታችሁ ሸክላውን ትገለብጣላችሁ። መርፌው ይነካል፤ ያ ጊታር ብቻውን ይጀምራል።