በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የዩኤስቢ ድጋፍ ምንድን ነው?

የዩኤስቢ ድጋፍ የሚባለው ከርነሉ (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው የሊኑክስ እምብርት) ኮምፓይል ከመደረጉ፣ ማለትም ከሶርስ ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ከመቀየሩ በፊት የሚመረጡ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡ አማራጮች ስብስብ ነው። ከታች ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ኮንትሮለር (የዩኤስቢ ሶኬቶቹን የሚመራውን ቺፕ) የሚያንቀሳቅስ ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ ከአንድ ዕቃ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም አለ፤ መሃል ላይ ዩኤስቢን በጠቅላላ የሚያስተዳድረው ክፍል፤ ከላይ ደግሞ ፍላሹን፣ ኪቦርዱን ወይም ሞደሙን ለይቶ የሚያናግረው ድራይቨር። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ቢሟሉም የተሰካው ዕቃ አይሠራም።

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የጫነ ሰው ይህን መንካት አያስፈልገውም፤ አዘጋጆቹ ሁሉንም ማለት ይቻላል አሟልተው ነው የሚያቀርቡት። ጉዳዩ የሚመጣው የራሱን ከርነል ለሚሠራ ነው፦ ለትንሽ ቦርድ ከርነል ለሚያዘጋጅ የአምስት ኪሎ የምህንድስና ተማሪ፣ ወይም የደንበኛ ፍላሽ ቫይረስ ላሰለቸው የአራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት በቶሎ የሚነሳ ቀላል ሊኑክስ ለሚጭን ባለሙያ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ለማሳያ ይመቻል፤ ቀኑን ሙሉ ዓይነቱ የማይታወቅ ፍላሽ ይሰካበታል።

ምርጫው የሚደረገው በሶርስ ኮዱ ፎልደር ውስጥ «ሜክ ሜኑኮንፊግ» የሚል ትእዛዝ ተሰጥቶ፣ «ዲቫይስ ድራይቨርስ» ከዚያም «ዩኤስቢ ሳፖርት» በሚለው ሥር ነው። አብዛኛው አማራጭ ሦስት መልስ አለው። ኮከብ ከሆነ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ይገባል፤ «ኤም» ከሆነ ሲያስፈልግ የሚጫን ሞጁል ይሆናል፤ ባዶ ከሆነ ጭራሽ አይኖርም። ኮምፒውተሩ ለመነሳት የሚያስፈልገውን በኮከብ፣ የቀረውን በኤም ማድረግ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮንትሮለሩ ላይ ነው። አራት ዓይነት አለ። ዩኤስቢ 1.1ን የሚይዙት ዩኤችሲአይና ኦኤችሲአይ ናቸው፤ የመጀመሪያው በኢንቴልና በቪአይኤ ቺፖች፣ ሁለተኛው በአብዛኞቹ ሌሎች ላይ ይገኛል። ኢኤችሲአይ የዩኤስቢ 2.0 ነው። ኤክስኤችሲአይ ከዩኤስቢ 3.0 ጋር የመጣ ሲሆን የቀድሞዎቹን ፍጥነቶችም ራሱ ይይዛል። ከመርካቶ በተገዛ ያገለገለ የኮር 2 ዱዎ ዴስክቶፕ ላይ «2.0 ስለሆነ ኢኤችሲአይ ብቻ ይበቃል» ብሎ ማለፍ ያጓጓል። ውጤቱ ግራ ያጋባል፤ ፍላሹ ይሠራል፣ ኪቦርዱና ማውሱ ግን ሞተው ይቀራሉ። ምክንያቱ ኢኤችሲአይ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት የሚሠሩትን ብቻ ማናገሩ ነው። በ1.5 ወይም በ12 ሜጋቢት የሚሠራ ዕቃ በቀጥታ ሲሰካ ወደ ጎረቤቱ ዩኤችሲአይ ይተላለፋል፤ እሱ ከሌለ የሚቀበለው የለም። በኋላ የወጡት የኢንቴል ቺፕሴቶች ይህን ሥራ ለውስጥ ሀብ ስለሰጡት ችግሩ እነሱ ላይ አይታይም። ግምት አያስፈልግም፦ «ኤልኤስፒሲአይ ሰረዝ ኬ» የሚለው ትእዛዝ በማሽኑ ላይ ያለውን ኮንትሮለርና የያዘውን ድራይቨር ያሳያል።

ኪቦርድና ማውስ ሌላም ነገር ይፈልጋሉ፤ የዩኤስቢ ኤችአይዲ (የኪቦርድና የማውስ ዓይነት መሣሪያዎች) አማራጭ ያለው በኤችአይዲ ሜኑ ውስጥ ስለሆነ ዩኤስቢ ሜኑ ላይ ብቻ የሚፈልግ አያገኘውም።

ፍላሽ ከሁሉም ረጅሙ ሰንሰለት ነው። የማስ ስቶሬጅ (የማከማቻ ዕቃዎች) ድራይቨር ፍላሹን ለከርነሉ እንደ ስካዚ (የቆየ የዲስክ ማገናኛ ሥርዓት) ዲስክ አድርጎ ያቀርባል፤ ስለዚህ በስካዚ ሜኑ ውስጥ ያለው የዲስክ ድጋፍ መመረጥ አለበት። ካልተመረጠ «ኤልኤስዩኤስቢ» የሚለው ትእዛዝ ፍላሹን ይዘረዝራል፣ «ኤስዲቢ» የሚባል ዲስክ ግን አይፈጠርም። ከዚያ ፋይል ሲስተሙ፣ ማለትም ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ፎርማት፣ አለ። ለፋት 32 ከቪፋት ድራይቨር ጋር የፋይል ስም ፊደላትን የሚተረጉሙት ኮድፔጅ 437 እና አይኤስኦ 8859-1 በተለምዶ አብረው ያስፈልጋሉ፤ እነሱ ከተረሱ ዲስኩ እየታየ ማውንት ማድረግ (ፋይሎቹ እንዲከፈቱ ማያያዝ) እምቢ ይላል። ትልልቅ ፍላሾችና የካሜራ ካርዶች የሚመጡበት ኤክስፋት ከ2020ው ከርነል 5.7 ጀምሮ በወጉ ተካቷል፤ ለኤንቲኤፍኤስ ደግሞ የሚጽፍና የሚያነብ አዲስ ድራይቨር በ2021 ከ5.15 ጋር ገብቷል። ለፎቶ ኮፒ ቤት ሦስቱም የግድ ናቸው። «ዩኤስቢ ፕሪንተር» የሚለውን ግን መተው ይቻላል፤ የሊኑክስ የህትመት ሥርዓት የሆነው «ከፕስ» በራሱ መንገድ ፕሪንተሩን ያናግራል።

የአርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ቅጂዎች በብዛት የሚመጡት በሲኤች 340 ቺፕ ሲሆን ድራይቨሩ በሲሪያል ኮንቨርተር ሥር ሲኤች 341 በሚል ስም ይገኛል። ኦሪጅናሉ አርዱዊኖ ኡኖ ሲዲሲ ኤሲኤም የተባለውን ድራይቨር ነው የሚፈልገው። ብዙ የ3ጂ ዶንግሎች (የሚሰኩ የኢንተርኔት ሞደሞች) «ኦፕሽን» የተባለውን ድራይቨር ይጠቀማሉ፤ ሲሰካ እንደ ሲዲ ብቻ ከታየ ጉድለቱ ከርነሉ አይደለም፣ ወደ ሞደም የሚቀይረው «ዩኤስቢ ሞድስዊች» አልተጫነም።

ሲስተሙ ራሱ ከፍላሽ የሚነሳ ከሆነ ኮንትሮለሩ፣ ማስ ስቶሬጁ፣ የስካዚ ዲስኩና የሩት (ሲስተሙ ያለበት ዋና ክፍል) ፋይል ሲስተሙ በሙሉ ኮከብ ይሁኑ፣ ወይም ሞጁሎቹ ኢኒትራምፍስ ውስጥ፣ ማለትም ሲነሳ ከከርነሉ ጋር በሚጫነው ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም ውስጥ ይግቡ። ይህም ሆኖ ከርነሉ ፍላሹ ሳይታወቅ ቀድሞ ሩቱን ሊፈልግና «አንኤብል ቱ ማውንት ሩት» ብሎ ሊቆም ይችላል። ኢኒትራምፍስ ከሌለ በቡት መስመሩ ላይ «ሩትዌት» የሚል ቃል መጨመር እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

ዝርዝሩን ለማሳጠር «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» ጥሩ አቋራጭ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ያልተጫነን ሞጁል ሁሉ ያጠፋል። አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ነው። ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት ፍላሹን በየፎርማቱ ማውንት ማድረግ፣ ዶንግሉን፣ ስካነሩን፣ ያለውን ሁሉ መሰካት ያስፈልጋል።

የከርነሉን መልእክቶች በሚያሳየው «ዲመሴጅ» ላይ ስህተት 71 ወይም 110 ከነመቀነስ ምልክቱ ከታየ ኮንፊግ ከመንካት በፊት ኬብሉን መቀየር ይሻላል፤ አንደኛው የተበላሸ ግንኙነት፣ ሌላው ያለፈ የመልስ ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ መንስኤው የላላ የፊት ለፊት ሶኬት፣ ረጅም ማራዘሚያ ወይም የኃይል እጥረት ነው፦ የ2.0 ሶኬት 500፣ የ3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ከመጀመሪያው በላይ ሊጠይቅ ይችላል።

ከርነሉ ተቀይሮ ሞጁሎቹን በቦታቸው የሚያስቀምጠው «ሜክ ሞጁልስ ኢንስቶል» የሚለው ትእዛዝ ከተረሳ ደግሞ በኤም የተመረጠው ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሞጁል የሚጭነው ትእዛዝ «ሞድፕሮብ» ሞጁሉን አላገኘሁም ሲል መጀመሪያ የሚታየው «ሊብ ሞጁልስ» ውስጥ የአዲሱ ቨርዥን ፎልደር መኖር አለመኖሩ ነው።