ደበሎ የድህነት ልብስ አልነበረም

«ድሆች ስለነበሩ ነው ቆዳ የሚለብሱት።» የቆሎ ተማሪን ልብስ ታሪክ ለማጥናት ወሎ ውስጥ ከሽማግሌ ሽማግሌ መዞር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን አባባል ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። የሚናገሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ደበሎን፣ የቆሎ ተማሪ የሚደርበውን የበግ ቆዳ፣ በሥዕል አይተው ይሆናል እንጂ በእጃቸው ዳሰው አያውቁም።

ትንንሾቹን ስሕተቶች አስቀድሜ ላንሣ። ደበሎ ቤተ ክርስቲያን የደነገገችው ዩኒፎርም አይደለም፤ ቆላ የወረደ ተማሪ ኩታ ወይም ያረጀ ጋቢ ይደርብ ነበር። ለትምህርት አገሩን ጥሎ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ብቻ ነው ማለትም ወሎ ላይ ተቀምጦ የማይባል ነገር ነው። ለውሓቸውን፣ የቁርኣን መማሪያ ሰሌዳቸውን፣ ይዘው ከሩቅ እየመጡ፣ የአካባቢው ሰው እያበላቸው በዳና፣ በገታና በጀማ ንጉሥ የተማሩትን ደረሶች፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪዎችን፣ ማን ረሳቸው? የተማሪን ልብስ የሚያጠና የእነሱንም ኮፊያና ሽርጥ ይጠይቅ።

በድሮ ፎቶግራፍ የሚታየውን የልብስ ቀለምና ከጀርባው የተጻፈውን ዓመት እንደ ማስረጃ የሚያመጡልኝም አሉ። የጥንቱ ፊልም ቀይ ቀለምን በደንብ አይቀበልም ነበር፤ ስለዚህ ቀይ ልብስ ጠቁሮ፣ ሰማያዊው ነጥቶ ይወጣል። ከጀርባው የተጻፈው ዓመትም በእኛ ይሁን በፈረንጆች አቆጣጠር ሳይጣራ 7 ወይም 8 ዓመት ያሳስታል።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ቆዳ መልበስ የድሃ ምልክት ከሆነ መኳንንቱ በበዓል ቀን የሚደርቡት ለምድ ምን ሊባል ነው? ለምድ ከአንበሳ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ከከፋይ ሲሰፋ እንኳ ጫፉ እንደ አውሬ እግር እንዲንጠለጠል ተደርጎ ይቆረጥ ነበር። ጌታው በክብር የሚለብሰውን ቆዳ ተማሪው ሲለብሰው ወደ ውርደት የምንለውጠው እኛ ነን።

አያቴ የባለ ሁለት ጥማድ በሬ ልጅ ነበር። ለወላጆቹ ሳይናገር በሌሊት ወጥቶ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ በሚነሣው በዋድላ ቅኔ ቤት ገባ። ቤታቸው ጋቢ ሞልቶ ነበር። ነገር ግን የዋድላንና የደላንታን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ጋቢ ብቻውን እንደማይበቃ አይጠፋውም። ደበሎ ቀን ልብስ ነው፣ ሌሊት ምንጣፍም ብርድ ልብስም ነው፤ ሲዘንብ ጸጉሩን ወደ ውጭ ገልብጦ ይደርበው እንደነበር አያቴ ራሱ ነግሮኛል። የውሻ ጥርስም ቶሎ አይበሳውም፤ ደጅ ለደጅ ለሚዞር ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ታዲያ ለምን ይለምኑ ነበር?» ይሉኛል። ልመናው የትምህርቱ ክፍል ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ መቆም የባለጸጋውንም ልጅ ትሕትና የሚያስተምር ሥርዓት ነው፤ የሁሉም ቁራሽ አንድ አኮፋዳ ውስጥ ይገባል።

የአያቴ ደበሎ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። ሦስት የበግ ቆዳ በጅማት ተሰፍቷል። ግራው ጎን ጸጉሩ እስከ ዛሬ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቀኝ ትከሻው ላይ ግን የአኮፋዳው ማንገቻ ያረፈበት ቦታ ሁለት ጣት ያህል ተመልጦ እንደ ቁርበት ያብለጨልጫል። ያንን ቦታ ሳይ ስንት ደጅ እንደቆመ አስባለሁ።

ስለዚህ ሽማግሌ ስትጠይቁ «ድሃ ነበሩ ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ። በጉ የማን ነበር? ቆዳውን ማን አለፋው? ስንት ክረምት አሳለፈ? ማን ወረሰው? ብላችሁ ጠይቁ። ቤታችሁ ደበሎ ያለ እንደሆነም በውኃና በሳሙና አትጠቡት፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ብል እንዳይበላው ጥላ ሥር አናፍሱት፣ በእጅ አሹት፣ በፌስታል አትቋጥሩት። ባለፈው ዓመት አንድ ቤተሰብ ሊያሳየኝ ብሎ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጠበቀኝ። ስደርስ እንደ ጣውላ ቆሟል፤ ስፌቱ በሙሉ ተበጥሷል።