በድሬዳዋ ለጥበብ ተማሪዎች በአነስተኛ ወጪ የሚገኙ የኪነ ጥበብና የፊልም ዝግጅቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ሥዕል፣ ፊልም ወይም ሙዚቃ የሚማር ወጣትን ኪስ የሚጎዳው ከዝግጅት መመለሻው ነው። አብዛኛው ዝግጅት በነጻ ወይም በጥቂት ብር ይታያል፤ ሲመሽ ግን በመስመር የሚጭኑት ባጃጆች እየሳሱ ይሄዱና ኮንትራት መያዝ ይመጣል። ከከተማው መሃል ወጣ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ብቻውን የሚመለስ ተማሪ ለባጃጅ የሚከፍለው ከመግቢያው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ሆኖ መሄድና ሒሳቡን መካፈል ይለመዳል።

ሰዓቱም የራሱ ጠባይ አለው። ከምሳ በኋላ በሙቀቱ ምክንያት ሱቆች ይዘጋሉ፤ ሰዉ ወይ ጋደም ይላል ወይ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ይሰየማል። በ8 ሰዓት የተጠራ የግጥም ዝግጅት ለወንበር ይነበባል፣ በ11 ሰዓት ተኩል የተጠራው ይሞላል። በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት ባይጠራ ይሻላል፤ ከተራዊህ (የረመዳን የሌሊት ሶላት) በኋላ ግን መጌላ፣ የድሮው የገበያ ሰፈር፣ ጭር የሚለው እጅግ ዘግይቶ ነው።

ፊልም፣ ኤግዚቢሽንና ኮንሰርት ለማየት የፈረንሳይኛና የባህል ማዕከሉ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ የመጀመሪያው መጠየቂያ ነው፤ በተለይ መጋቢት ላይ በሚከበረው የፍራንኮፎኒ (የፈረንሳይኛ ቋንቋ በዓል) ሰሞን ጎራ ማለት ይጠቅማል። የዩኒቨርሲቲና የወጣት ማዕከል አዳራሾች ተውኔትና የሥነ ጽሑፍ ምሽት ያስተናግዳሉ። የሙዚቃ ተማሪ ሠርግንም ባይንቅ ጥሩ ነው፤ ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ያደገበት የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የድሬዳዋን ሰው ያገኘው በሠርግና በበዓል ላይ ነበር። ለሥዕልና ለፎቶ የከዚራ ሰፈር በነጻ የተዘረጋ ትምህርት ቤት ነው፦ የዛፍ ጥላ፣ የድሮ ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከተማዋን ሲቆረቁር የጀመረው የለገሃር አካባቢ። የባቡር ጣቢያውን ግቢ ለመቅረጽ ግን ፈቃድ ይጠየቃል፤ መጌላ ውስጥም ነጋዴ እናቶችን ሳያስፈቅዱ ካሜራ መደገን ጠብ ያመጣል።

በጣም ርካሹ የፊልም ምሽት ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ነው፤ አብዛኛው ብልሽትም የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት የተጀመረ ፊልም አይታይም፤ ሰማዩ ገና ብርሃን አለው። 2000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያለው ፕሮጀክተር በደንብ በጨለመ ቦታ እስከ 3 ሜትር ለሚደርስ ስፋት ይበቃል፤ ለዚህ ስፋት ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቀት ይፈልጋሉ። ነጭ አንሶላ ብቻውን ከተሰቀለ ብርሃኑ ስለሚያልፍ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ይደረባል። ነፋስ እንዳያንከባልለው ታችኛው ጠርዝ ላይ እንጨት ይሰፋበታል።

የድሬ ሙቀት ፕሮጀክተርን ያጠፋል። ብዙዎቹ እስከ 35 ወይም 40 ዲግሪ ብቻ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው፤ ቀን ሙሉ ፀሐይ የበላው ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ደግሞ ማታም አይበርድም። የአየር ማስወጫውን በመጽሐፍ መደገፍ ወይም ግድግዳ ላይ ማስጠጋት ፊልሙን መሃል ላይ ያስቆማል። ሲያልቅም ፋኑ እስኪቆም ሶኬቱ አይነቀልም።

መብራት ከሄደስ? ፕሮጀክተሩ 300 ዋት ገደማ፣ ላፕቶፑ 65፣ ድምፅ ማጉያው ከ100 እስከ 200 ስለሚወስዱ የ1 ኪሎዋት ጀነሬተር ይበቃል። ከግድግዳ ኋላ፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ካልተቀመጠ ግን ተመልካቹ የሚሰማው እሱን ነው። ድምፅ ማጉያው እዝዝ የሚል ከሆነ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ መሞከር ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገናኝ ድምፁ ወደ ፕሮጀክተሩ ትንሽ ስፒከር ስለሚሄድ በላፕቶፑ ማስተካከያ ወደ ማጉያው መመለስ አለበት።

አዳራሹ ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ተናጋሪ ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ ሰብታይትል ቅንጦት አይደለም። የግዕዝ ፊደል ሰብታይትል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ካልተቀመጠ፣ ማጫወቻውም እንደ ኒያላ ያለ የግዕዝ ፎንት ካልተመረጠለት ባዶ ሳጥን ወይም የተዘበራረቀ ምልክት ይወጣል። ፋይሉና ፊልሙ አንድ ስም ይያዙ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥ፤ ከዋዜማው በዚያው ላፕቶፕ መሞከር ነው። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ ሌላው በሃርድ ዲስክ ይያዛል።

የሰው ፊልም በሕዝብ ፊት ማሳየት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። የተማሪዎችን አጫጭር ፊልም መርጦ ከሠሪው የተፈረመ የአንድ ገጽ ፈቃድ መቀበል በጣም ቀላሉ መንገድ ነው። ለሜዳ ዝግጅት ቀበሌንና ፖሊስን በደብዳቤ ማሳወቅ ይጨመራል።

ከድሬዳዋ ውጭ ማየት ለሚፈልግ ሐረር በደንገጎ ዳገት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢ ወይም ጃኬት ያልያዘ የሜዳ ዝግጅት ላይ አይቆይም። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች፣ የጌ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) መደብና ግድግዳውን የሞላው ሰፌድ ለሥዕል ተማሪ ቀን ሙሉ ይበቃሉ፤ የሸሪፍና የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ሙዚየሞች የመግቢያ ክፍያ ስላላቸው የተማሪ መታወቂያ ይዞ መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሐረሪዎች በዓል ሹዋልኢድ ከኢድ አልፈጥር አንድ ሳምንት በኋላ ሌሊቱን በዝክሪ (መንፈሳዊ ዜማ)ና በከበሮ ስለሚከበር፣ ለድምፅና ለፊልም ተማሪ ከዓመቱ ሁሉ የበለጠ ምሽት ነው። በዚያ ሰሞን የሚኒባስ ወንበርም ማደሪያም ስለሚጠፋ፣ ማደሪያን አስቀድሞ፣ ከተቻለ ዘመድ ቤት፣ መያዝ ያስፈልጋል።